ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስ

እጄ ስፒርቶ ስፒርቶ ይላል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሦስት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በሎሚ አሸሁት፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ እጄን አንስታ አሸተተችና ምንም የለውም፣ አፍንጫሽ ነው አለችኝ። ይሆናል። ዓይኔ ደክሟል፣ ጉልበቴም ከድቶኛል፣ አፍንጫዬ ግን እንደ ድሮው ነው። ያውም ያልፈለግሁትን ነገር እየመረጠ የሚያስታውስ ክፉ አፍንጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ላብራቶሪ፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ባለው ትምህርት ቤት፣ ጦርነቱ ባለፈበት በዚያ ክፉ ሰሞን በሩ ተገንጥሎ፣ ብርጭቆው ተሰባብሮ፣ ለዓመታት በብልቃጥ ያቆየኋቸው እንቁራሪቶች ወለል ላይ ተረጋግጠው ነበር ያገኘሁት። አሁን መስኮት ገብቶለታል፣ ግድግዳውም ቀለም ተቀብቷል። አዲሱ የባዮሎጂ መምህር፣ ልጄ የሚሆን ትሁት ሰው፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለተማሪዎቹ ስለ ጥንቃቄ ሁለት ቃል እንድናገር ለመነኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ልጆቹ ተነስተው ወንበር ሰጡኝ። ገና አፌን ሳልከፍት የስፒርቶ መብራቶቹ ተለኮሱ። የስፒርቶ መብራት ማለት ትንሽ የብርጭቆ ኩራዝ ነው፤ ልዩነቱ በላምባ ፈንታ ስፒርቶ መጠጣቱ ብቻ ነው። ፊት ለፊቴ የቆመችው ረጅሟ ልጅ መብራቷ ሲደክምባት፣ እንደበራ፣ ክሩን በግራ እጇ ሳብ አደረገችና ጠርሙሱን በቀኟ አዘነበለች። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። በምርኩዜ የእጇ አንጓ ላይ አሳረፍኩባት። ጠርሙሱ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፣ ስፒርቶው እጄ ላይ ተረጨ፣ መምህሩ ሮጦ መብራቱን ከደነው። ልጅቷ አንጓዋን ይዛ ታለቅሳለች፤ አንዱ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። መምህሩ ክንዴን ይዞ በለሰለሰ ድምፅ፣ አሁን ተማሪ መምታት እንደማይፈቀድ ነገረኝ። እሳቱ ሲመታ ማንን እንደሚያስፈቅድ ጠየቅሁትና ወጣሁ። ስወጣ በበሩ ጎን ያለውን ሚስማር አየሁት። ከነግድግዳው ቀለም ቀብተውታል፤ ባዶውን ነው።

ያ ሚስማር ባዶ ባልነበረበት ጊዜ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሐይቅ ያኔ አንድ አስፋልትና ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ቆም ሲል፣ የተጠበሰ ዓሣ በሰሃን የያዙ ሴቶች መስኮቱን ይወሩታል። ፓስቲ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ተማሪ ጌታ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ቀኑን ሙሉ የጎረምሶቹን ሱሪ ከጉልበት በታች ያሰፋሉ፤ አንድ ሱሪ ውስጥ ሁለት እግርና አንድ ዶሮ ይገባል እያልን እንስቅባቸው ነበር። እኛ ሴቶቹ ደግሞ በናይለን አበድን። በአሰብ በኩል ገብቶ፣ በባቲ ገበያ አልፎ የሚመጣ፣ ሲራመዱበት የሚንሿሿ ናይለን። ጥጥ የገበሬ ነው ብለን ናቅነው፤ እናቶቻችን የፈተሉትን ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ቆልፈን፣ በላብ የሚጣበቅ፣ በፀሐይ የሚያቃጥል ነገር ለበስን። ናይለን ሻሽ ሁለት ብር ነበር። እኔ ሁለት ብር ስላልነበረኝ የጓደኛዬን የጦይባን እየተዋስኩ አስር ነበር። ዛሬ እነዚያ ልብስ ሰፊዎች የነበሩበት በረንዳ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ ሙዚቃውም ደረት ይመታል።

ጦይባ ይመር ማለት በአንድ ዴስክ የተማርን፣ በአንድ መደብ የተኛን ጓደኛዬ ናት። እኔ የአምባሰል ልጅ ነኝ፤ አባቴ ለትምህርት ሲያመጣኝ ሐይቅ ውስጥ ዘመድ አልነበረንም። የጦይባ እናት፣ ከአባቴ ጋር በገበያ የሚተዋወቁ፣ «እኔ ዘንድ ትደር» አሉና አስቀሩኝ። አራት ዓመት አሳደሩኝ። እነሱ ሰላታቸውን፣ እኔ ፆሜን፣ ማንም ማንንም ሳይነካ በአንድ ገበታ በላን። ሥጋ የመጣ ቀን ብቻ ነው የምንለያየው፤ የእስላም ቢላ የነካውን እኔ፣ የክርስቲያን ቢላ የነካውን እነሱ አንቀምስም። ዓሣ ግን ማንም አይባርከውም፣ ማንም አያርደውም። ስለዚህ እኔና ጦይባ ከአንድ ሰሃን ሥጋ ነክ ነገር መብላት ሲያምረን ዓሣ ነበር የምናስበው። ዓሣ ደግሞ በቤቱ አይጠፋም፤ ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ በደንገል ታንኳው ከሐይቁ ያመጣል። እንድሪስ እጁ ፈጣን፣ ንዴቱ ከእጁ የፈጠነ ጎረምሳ ነበር። እህቱን ሲያይ ግን ልስልስ ይላል። ጦይባ ድምፅ ነበራት፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ሲያሰማ፣ መንገድ ላይ ቆማ አብራ ስታንጎራጉር ባለሬዲዮው ድምፁን ይቀንስላት ነበር።

መምህር ላቀው የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበር። አንቱ ልለው ይገባኛል፤ ግን ያኔ የምንጠላውን መምህር በሌለበት አንተ ነበር የምንለው፣ አፌ እንደለመደ ቀረ። ከሌላ አገር የመጣ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው፣ ቀጭንና ረጅም ሰው ነው። ነጭ ካፖርቱ በአሲድ ተበሳስቷል። እጁ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር የላስቲክ ቱቦ አለ፤ ቱቦው ለሌላ ሥራ ሲውል አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ አቁሞን እንዲህ አለ፦

«እዚህ ክፍል ውስጥ መመታት አይቀርም። ወይ እኔ እመታችኋለሁ፣ ወይ ዕቃው ይመታችኋል። የእኔ ይድናል።»

እንዳለውም መታን። አንድ ልጅ በቀጭኗ የብርጭቆ ቱቦ ፈሳሽ በአፉ ሲስብ አገኘውና በጥፊ ሲለው ቱቦዋም፣ ምራቁም፣ ደሙም አብሮ ወጣ። ፓስቲ ደብቆ የገባውን፣ እንቁራሪት በነካበት እጁ አፉን የጠረገውን፣ የጠርሙስ አፍ ላይ አፍንጫውን የደቀነውን ሁሉ ገረፈ። እኔን በጠረጴዛዎቹ መካከል ስሮጥ ያዘኝ፤ ባቴ ላይ ያወጣው ሰንበር ለሁለት ሳምንት አልጠፋም። ጦይባን ደግሞ ናይለን ሻሿን ከራሷ መንጥቆ በመስኮት ወረወረው። በማግስቱ ያንኑ አስራ ስትመጣ መዳፏን አምስት ጊዜ ገረፋት፤ ናይለን ቀሚስሽንም ሁለተኛ እንዳላየው አላት። ማታ እንድሪስ የእህቱን እጅ ገልብጦ አየ። ያ ሰው ዳግም ቢነካት ክንዱን እንደሚሰብረው በረጋ ድምፅ ማለ። እናቱ ተቆጡት። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ባቴን እየዳሰስኩ አሜን ነው ያልኩት።

በበሩ ጎን፣ ሚስማሩ ላይ፣ አንድ ግራጫ የወታደር ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ አሸዋ የተሞላ ባልዲ። ብርድ ልብሱን የነካ ወዮለት። መምህሩ ምሳ ሰዓት እሱን ለብሶ ይተኛል እያልን እንሳለቅ ነበር። ለምን እንደተሰቀለ አልነገረንም ማለት አልችልም። ነግሮናል፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ደብተራችን ላይ አስገልብጦናል። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሮጥም፣ ወለል ላይ ይጣላል፣ በብርድ ልብስ ይታፈናል። የስፒርቶ መብራት እየነደደ አይሞላም፤ የሚነደው ፈሳሹ ብቻ ሳይሆን የማይታየው ትነቱም ነው፤ ይጥፋ፣ ይቀዝቀዝ፣ ከዚያ ይሞላ። ይህን ሁሉ ባማረ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። እቤት ግን ኩራዝ ሲደክም አጥፍቶ የሚሞላ ሰው አይቼ አላውቅም። ጨለማ ውስጥ ክብሪት ማን ይፈልጋል? ክሩን በጣት ሳብ አድርጎ ላምባ ጠብ ማድረግ ነው። እናቴም፣ የጦይባ እናትም፣ እኔም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንደዚያ ነበር የምናደርገው። ላምባ ቻይ ነው። እጄ የሚያውቀው ላምባን ነው፤ ደብተሬ ያወቀውን እጄ አልሰማም።

ያን ቀን የዓሣ ትምህርት ነበር። መምህሩ እንድሪስን በጠዋት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እንዲያመጣ አዝዞት፣ እንድሪስ ከነመቅዘፊያው ከሐይቁ በቀጥታ መጥቶ ቅርጫቱን አስረከበ። ጦይባ ቢላ ስትይዝ ማንም አይደርስባትም፤ መምህሩ እንኳን አንዴ ቆሞ እጇን ሲያይ ቆየና «ጎበዝ» አለ። ከዚያ አፍ የወጣ ሌላ ምርቃት አላስታውስም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁሉም ለምሳ ወጣ። እኔንና ጦይባን ግን አስቀረንና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛውን እንድናጥብ፣ ዓሣውን እንድንቀብር፣ ዘግተን እንድንወጣ አዘዘን። ሌላ ተማሪ አምኖ ቁልፍ ሰጥቶ አያውቅም።

ዓሣው አልተቀበረም። ርቦን ነበር፣ ዓሣው የጠዋት ነው፣ ቢላውም ንጹሕ ነበር። የሽቦ ወንፊቱን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አድርገን፣ የስፒርቶ መብራቱን ከሥር ለኩሰን፣ ሁለት ቆሮሶ ጣድን። ጦይባ ከመምህሩ ደብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ያኖረችውን ናይለን ሻሿን አውጥታ አሰረች፤ የዓሣ ሽታ ፀጉሬ ላይ እንዳይቀር ብላ ነው። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ ጭሱን እፍ ትላለች፣ በመሃል በመሃል ታንጎራጉራለች፣ መምህሩ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲተኛ እያስመሰለች ታስቀኛለች። ዓሣው ገና አንድ ጎኑ ሳይበስል መብራቱ ደከመ። እኔ ክሩን በግራ እጄ ሳብ አደረግሁ። ጠርሙሱን በቀኜ አዘነበልኩ።

እሳቱ ፈሳሹን ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ሲገባ አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ድም አለና ከጠርሙሱ አፍ ነበልባል ተተኮሰ። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ ፊት ለፊቴ። ጦይባ ከአንገቷ እስከ ወገቧ አንድ ጊዜ በራች። ሻሹ እንደ ጨርቅ አልነደደም፤ ተኮማትሮ፣ ቀልጦ፣ እየተንጠባጠበ አንገቷ ላይ ተጣበቀ። ጮኸች። እየጮኸች ሮጠች፣ በሮጠች ቁጥር እሳቱ ተነሳ፣ ጠረጴዛ ገፍታ ወደቀች፣ ተነስታ እንደገና ሮጠች። እኔ ጠርሙሱን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። ብርድ ልብሱን በትከሻዬ ታክኬው ነው ያለፍኩት።

መምህር ላቀው የዓሣው ሽታ ጠርቶት ከነቱቦው እየመጣ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ሮጠ። እንድሪስ ቅርጫቱን ለመውሰድ በግቢው በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ መምህሩ ቱቦ ይዞ ወደ ላብራቶሪው ሲሮጥ፣ ከውስጥ የእህቱ ጩኸት ሲወጣ አየ። እሱ ያየው ይህን ብቻ ነው። መምህሩ ገባና ቱቦውን ወርውሮ፣ ብርድ ልብሱን ከሚስማሩ መንጭቆ፣ ጦይባን በእግሩ ጠልፎ ወለሉ ላይ ጣላት። ጭንቅላቷ ወለሉን ሲመታ ድምፁን ሰማሁት። በብርድ ልብሱ ሸፍኖ ጀርባዋ ላይ በጉልበቱ ቆመ፣ የሚነድ ፀጉሯን በባዶ እጁ ይመታል። እየመታ ይጮህባታል፤ አትንቀሳቀሺ ይላታል። ያን ጊዜ እንድሪስ ከነመቅዘፊያው እኔን ገፍትሮ ገባ።

የመጀመሪያውን ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ሁለተኛውን ትከሻው ላይ። መምህሩ አልተነሳም። ሦስተኛውን ጆሮ ግንዱ ላይ ሲለው ደሙ ነጭ ካፖርቱ ላይ ተረጨ። አራተኛው ግራ ክንዱን አገኘው፤ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፣ መቅዘፊያው ግን ደህና ነበር። ክንዱ ተንጠልጥሎ፣ በቀረው አንድ እጁ ብርድ ልብሱን ይዞ፣ ጭሱ እስኪቆም ድረስ ከላይዋ አልተነሳም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እያዳናት ነው ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል አፌ ላይ ነበረ። ቀጥሎ ግን ታዲያ ማን አቃጠላት ይባላል፤ መቅዘፊያው ወደ እኔ ይዞራል፤ ያሳደሩኝ እናት ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አፌን ዘጋሁት።

ተማሪው ጩኸት ሰምቶ ጎረፈ። በዚያ ቱቦ ያልተገረፈ ልጅ አልነበረም። ወድቆ ያገኙትን ሰው በእርግጫ አሉት፣ ፊቱን ረገጡት፣ አንዱ ቱቦውን ከወለል አንስቶ በራሱ ቱቦ ገረፈው። ዘበኛው ጎትቶ አውጥቶ ቢሮ ውስጥ ባይቆልፍበት ኖሮ እዚያው ይጨርሱት ነበር። ጦይባን ከነብርድ ልብሱ ጭነው ወደ ደሴ ወሰዷት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩና ሽማግሌዎች እኔን አስቀርበው ጠየቁኝ። መምህር ላቀው ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሯል፣ ሁለቱም እጆቹ ተጠቅልለዋል፣ አንድ ዓይኑ አይገለጥም። ልጅቷን ከእሳት እያወጣሁ ነበር ብሎ አንዴ ተናግሯል፤ ያመነው የለም። እኔ መምህሩ ሲመታት መብራቱ ወደቀ አልኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ በአንድ ዓይኑ ሲያየኝ ቆየ፤ ጠርሙሱ በማን እጅ እንደነበር ማወቁ ከፊቱ ይነበባል። እንደሚጮህብኝ ጠብቄ ነበር።

«ስብርባሪውን በእጅ አትልቀሙት» አለኝ። «በመጥረጊያ ይሁን። ባዶ እግሩን የሚመጣ ልጅ አለ።»

በሦስተኛው ቀን የካርቶን ሻንጣውን ዘበኛው ተሸክሞለት አውቶቡስ ላይ ሲወጣ፣ ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች እንኳን ሰደቡት። ወዴት እንደደረሰ አላውቅም። ሌላ ትምህርት ቤት ያስተምራል ያለ ነበር፤ ሞቷል ያለም ነበር። ዘመኑ ሰው የሚጠፋበት፣ ጠያቂም የማይወደድበት ዘመን ነበር። እኔም አልጠየቅሁም።

አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አጭር ኮርስ ወስጄ እዚያው ላብራቶሪ ተቀጠርኩ። ሰዎች ሥራ ወዳድ ናት አሉኝ። ከመጀመሪያ ደመወዜ ብርድ ልብስ ገዝቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ናይለን የለበሰች ልጅ አላስገባም፤ የሚሮጥ ካየሁ ጆሮውን ይዤ አዞረው ነበር፤ ተማሪዎቹ በሌለሁበት ያወጡልኝን ስም እዚህ አልጽፍም። በእኔ ጊዜ አንድም ልጅ አልተቃጠለም። ይህን በኩራት አውርቼ አውቃለሁ፤ በተናገርኩ ቁጥር ግን ያ አንድ ዓይን ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ከትናንት ወዲያ ከላብራቶሪው ስወጣ በቀጥታ ጦይባ ሱቅ ሄድኩ። ጦይባ ዛሬ አስፋልቱ ዳር ጨርቅ ትነግዳለች፤ ናይለን ግን በሱቋ ደጃፍ አያልፍም። የአንገቷ ቆዳ እስከ ዛሬ ተሸብሽቦ ወደ አገጯ ይስባታል፣ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል፣ ድምፅዋም ከዚያ ቀን በኋላ ለዘፈን አልተመለሰም። አግብታ ወልዳለች፤ ልጆቿ አክስት ይሉኛል። ብርድ ልብስ ስጪኝ፣ የሱፍ ይሁን፣ አልኳት። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለሚስማሩ አልኳት። እጄን ያዘችና አሸተተች። እሷም አፍንጫ አላት።

ዱላዬን ተደግፌ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ነገር ነገርኳት። ስፒርቶውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን በደህና እጇ እያጠፈች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ እኮ፣ ተዋቡ» አለች። «ፊት ለፊትሽ ነበርኩ። ጠርሙሱ በማን እጅ እንደነበረ እኔ ካላየሁ ማን ያያል?»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«ከሆስፒታል ስመለስ እንድሪስ የሰው ክንድ ሰብሮ ቆየኝ። እውነቱን ባወጣው ያንን መቅዘፊያ ይዞ ወደማን ይዞር ነበር? አንቺ ከእናቴ ጉያ ነበርሽ።» ብርድ ልብሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «የኔን ነገር አብሽሪ፣ ይቅር ብዬ አፉ ካልኩሽ ቆየሁ። የሰውየውን ግን እኔ አፉ ልልልሽ አልችልም። እንድሪስ እስከ ዛሬ ሻይ ቤት ተቀምጦ የመምህር ክንድ ሰበርኩ እያለ ያወራል። ወላሂ፣ በሰማሁት ቁጥር ቆዳዬ እንደ አዲስ ይነድዳል። ሂጂና ንገሪው።»

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። እንድሪስ ሐይቁ ዳር፣ ከታንኳው ጎን፣ መረብ ይጠግናል። ጢሙን ሂና ተቀብቷል፤ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ መረቡ ላይ ግን አይሳሳቱም። ከማዶ በኩል የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል ተሰማ። አያ እንድሪስ፣ የምነግርህ አለኝ፣ ከፈለግህ ምርኩዜን ወስደህ ልትመታኝ ትችላለህ አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ነገርኩት፤ ከኩራዙ ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር። መሃል ላይ መርፌው ቆመ።

«እሳቱን እያጠፋላት ነበር?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

እጁ ከመረቡ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ነው፣ መቅዘፊያውን የያዘበት። እንደሚጮህ፣ እንደሚረግመኝ አሰብኩ። ድምፁ ሲወጣ ግን ከጦይባ ድምፅ ያነሰ ነበር።

«ስመታው ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም» አለ። «ንቀት መስሎኝ ነበር። ለዚያ ነው አጥብቄ የመታሁት።»